የመብረቁን ማሰሮ ቀስ ብለህ አጥግበው

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ለእናቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት፤ ሐረር ከተማ።

እንዴት ነህ ወንድሜ? እንዴት ከረምህ? ሰውነትህስ እንዴት ነው? በረሃውን ስትሻገር ያዘኝ ያልኸው ንዳድ ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየተመለሰ ያንቀጠቅጥሃል? የአገሩ እህል ተስማማህ? የምትተኛበት ቤት አያፈስም? አብረውህ የሚያድሩት ሰዎችስ ደጎች ናቸው? እኔ ወንድምህ ኪዳነ ማርያም፣ ባለቤቴ እናናየሁ፣ እኅታችን ንጋቷ፣ ሁላችንም በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። እናታችንም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውሁት። የጎደለብን አለ፤ እርሱንም ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። አትደንግጥ፤ የሞተ ሰው የለም።

ደብዳቤህን ያደረሰልኝ ከአልዩ አምባ ገበያ የወጣ ሲራራ ነጋዴ ነው። ወረቀቱ በላብ ርሶ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ነበር፤ ቢሆንም ጽሕፈትህን ገና ከእጁ ሳልቀበለው ለየሁት። ነፍሱን ይማረውና አባታችን በመቃ ብዕር ሲያስጽፈን «ለ»ን እንደምታጎብጣት ዛሬም ታጎብጣታለህ። ቁጭ ብዬ አነበብሁት፤ ለእናናየሁ አነበብሁላት፤ ደግሞ ብቻዬን ደገምሁት። ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ከሚያሠራው ፈረንጅ ጋር መግባትህን፣ የመብረቁን ማሰሮ ለአንተ ማስረከባቸውን፣ «እንግዲህ እኔም እንዳንተ የመብረቅ ሹም ሆንሁ» ማለትህን ሳይ መጀመሪያ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄን ተውሁት። ዝቅ ብለህ ደግሞ «ማሰሮው ቶሎ ቶሎ ይደክምብኛል፤ ጠዋት የሞላሁት ለማታ አይደርስም፤ ምን ላድርገው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል ጥያቄ እንዳላየሁት እወቅልኝ። የዚያ ማሰሮ መድከም እዚህ ቤት ምን እንዳደረገ ከሰማህ አንተም እንደ ቀላል አታየውም።

እንደጻፍህልኝ ከሆነ ያንተዎቹም ከእኛዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። በእንጨት ሣጥን የተደረደሩ አራት የብርጭቆ ማሰሮዎች፣ በውስጣቸው የቆሙ የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ሰሌዳዎቹን የሸፈነ ከድኝ የወጣ የሚያቃጥል ውሃ። የእኛ ፈረንጅ ሙሴ ፌሊክስ «ባትሪ» ይላቸዋል፤ ሠራተኛው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመብረቅ ማሰሮ ብሏቸው ቀረ። በእጅ የምናዞረው መዘውር ሲዞር ኃይሉ በሽቦ እየገባ እርሳሱ ላይ ይቋጠራል፤ በኋላ ሁለቱን ሽቦ ሲያገናኙት ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና አለቱ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ባሩድ ይለኩሳል። ሰው ከሩቅ ቆሞ አለት ይሰብራል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ክር ለኩሶ መሮጥ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እግሩ የሰነፈ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ማሰሮው ሲመጣ ሁላችንም ሰውን ከሞት የሚያድን ዕቃ መጣ ብለን ነበር። የሚያድነው ግን ሲጠግብ ነው።

አንተ ስትሄድ የጭላዳ ገደል መንገድ ገና አልተጀመረም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲወርዱ በቅሎ እየተፈታች ጭነቱ በሰው ጀርባ የሚያልፍበትን ያን ቦታ ታስታውሰዋለህ። እናታችን ጉልበቷ ከያዛት ወዲህ ወደ እኛ መውረድ ያቃታት በእርሱ ምክንያት ነው፤ በበቅሎ እንዳትመጣ በቅሎዋ ሰው ጭና አታልፍም፤ በእግሯ እንዳትመጣ እግሯ አይችልም። መንገዱ ሲጀመር የንጋቷ ባል ተክለጊዮርጊስ ባሩድ ጠቅጣቂ ሆኖ ገባ፤ እኔም ያን ጊዜ እንደጻፍሁልህ መዘውሩንና ማሰሮውን ያዝሁ። እናታችን የቄስ ልጅ ብረትና ባሩድ ሲነካ አልወደደችም ነበር። «አባታችሁ በመቋሚያ የኖረ ሰው ነው፤ እናንተ ደግሞ ከገደል ጋር ትጣላላችሁ» ብላ ሰው ልካብናለች። ሆኖም መንገዱ ለእርሷም ነው ብለን ቀጠልን።

አምና ሰኔ ዝናቡ ሲበረታ ሥራው ቆመ። ሙሴ ፌሊክስ የመጨረሻውን አለት አፈርሳለሁ ብሎ ማሰሮዎቹን እስከ ጥጋቸው ካሟጠጣቸው በኋላ ንዳድ ጣለውና ወደ አንኮበር ወሰዱት። እኔን ቀድመው ለእርሻ አሰናብተውኝ ነበር። ማሰሮዎቹም ባዶ እንደሆኑ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባቸው ክረምቱን ሙሉ ተቀመጡ። ወንድሜ፣ ሰው በልቶ ይራባል፤ ማሰሮውም ሠርቶ ይራባል፤ ግን ተርቦ ማደር አይችልም። ከመስቀል በኋላ ተመልሼ ስከፍታቸው ሰሌዳዎቹ ላይ በጥቅምት ጠዋት ገብስ ላይ እንደምታየው አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሮባቸው አገኘሁ። ሄጄ ለሙሴው ነገርሁት። ከአልጋው ሳይነሣ ጭንቅላቱን ያዘና «በጣም በጣም ቀስ ብላችሁ ሙሏቸው፤ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ አትቸኩሉ» አለኝ።

ይህን ለሥራው አዛዥ ለባላምባራስ ወልደሩፋኤል ነገርሁ። ባላምባራስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከበላይ «መንገዱ የት ደረሰ» እየተባለ በየቀኑ ይላክበት ነበርና ትዕግሥቱ አልቋል። «ነገ በብዙ ሰው አስዙረህ አድርስልኝ» አለኝ። ጎበዛዝቱ እየተፈራረቁ መዘውሩን በጉልበት አጦዙት። ጥቂት ሳይቆይ ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ ብርጭቆው እጅ እስኪያቃጥል ጋለ፤ ያየ ሁሉ ጠገበ አለ። ጥጋቡ ግን የውሸት ነበር። ያ ነጭ ነገር እንደ ቅርፊት ስለሸፈነው ኃይሉ ወደ እርሳሱ አይገባም፤ ውሃውን ብቻ ያፈላዋል። አሁን ነው ይህን የማውቀው፤ ያን ጊዜ ጠርጥሬአለሁ እንጂ አላወቅሁም። መጠርጠሬንም ተናግሬአለሁ፤ «ይህ አፈላሉ ቸኮለ» ብዬአለሁ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም።

በማግስቱ በሰኔ አልፈርስ ያለው ታላቁ አለት ተፈለፈለ፤ ተክለጊዮርጊስ ባሩዱን ጠቀጠቀ፤ በላዩ ጭቃ መረገበት፤ ሽቦው ተዘረጋ። ሰው ሁሉ ከከለላው ኋላ ገባ። ሽቦዎቹን አገናኘሁ። ዝም አለ። ፈትቼ ደግሜ አገናኘሁ። አሁንም ዝም። ባላምባራስ እንድንቆይ አዘዘ፤ ቆየን። ፀሐይዋ ከገደሉ ጫፍ አለፈች። ጭላዳዎቹ እንኳ ፈርተው የሸሹት ተመልሰው ሣር ይነቅሉ ጀመር። በኋላ ተክለጊዮርጊስ ተነሣና «ሞቷል፤ ልየው» አለ። አትሂድ አልሁት። ያን ጊዜ ንጋቷ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። አለቱ ሲሰበር ሠራተኞቹ ይሰናበታሉ ተብሎ ስለነበር «ሚስቴን ምጥ ይዟት እንዳልደርስላት ነው የምትፈልገው?» አለኝ። እኅቴ ናትና ተውሁት። ሽቦዎቹን ከማሰሮው ፈታሁና እንዳይነካኩ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጄ ይዤ እንደ ተሰቀለ ሰው ክንዴን ዘርግቼ ቆምሁ። እርሱም እያፏጨ ወጣ።

መብረቁ አልነበረም የጎዳው። ያንን እኔ ይዤው ነበር። ጭቃውን ለማንሣት በእንጨት ፈንታ ድጅኖ አነሣ፤ ድጅኖው ድንጋዩን ሲመታ ፍንጣሪ ወጣ፤ ባሩዱም በጉድጓዱ አፍ በኩል ተነሣ። አለቱ አልተሰነጠቀም፤ ሰውዬው ግን ወደ ኋላ ተወረወረ። ሁሉም ሮጠ። እኔ ልሮጥ ፈለግሁ፤ ጣቶቼ ግን አልፈታ አሉኝ። ሽቦውን ብለቅቀው የሚገድለው እየመሰለኝ እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ከእጄ ላይ ያስለቀቀኝ አንድ የማላውቀው ሠራተኛ ነው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዘረጋ «በቃ ጌታዬ፣ በቃ» ይለኝ ነበር።

ተክለጊዮርጊስ የግራ ዓይኑ ጠፋ። ጆሮው አጠገቡ የሚጮኽን ሰው እንኳ አይሰማም። እጁም ተቃጥሎ ነበር፤ እርሱስ ድኗል። እንደ ሬሳ በቃሬዛ ይዘነው ስንወርድ ባላምባራስ ወልደሩፋኤል ከበቅሎው ወርዶ አንዱን ጫፍ ራሱ ተሸክሞ አንኮበር ድረስ ለማንም አልሰጥም አለ። ሲያለቅስ አየሁት። ስለዚህ በእርሱ ቂም አልያዝሁም፤ አንተም አትያዝበት።

እነሆ የጎደለብን ይህ ነው። በዚያው ሳምንት ንጋቷ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። አባትየው ፊቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ ሕፃኗን ወስደው ደረቱ ላይ አኖሩለት። አልሰማ አልናገር ብሎ የሰነበተው ሰው በደህናው ዓይኑ ሲያያት ቆየና «ድምፅዋ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀ። ብንጮህም አይሰማንም ወንድሜ። ንጋቷ እጁን ወስዳ ልጅቱ ስታለቅስ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችለት። ሲርገበገብ ተሰማውና ሳቀ። እኛ ግን ከቤት ወጣን። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች፤ ስሟ አመተ ማርያም ነው።

ሙሴ ፌሊክስ ንዳዱ ሲለቀው መጀመሪያ የመጣው ወደ ተክለጊዮርጊስ አልጋ ነው። በእንግዳ አማርኛው ብዙ ሊናገር ሞከረ፤ ሰውየው እንደማይሰማው ሲነግሩት እጁን ይዞ ተቀመጠ። ቀጥሎ እኔና እርሱ ማሰሮዎቹን ከፈትን። የሁለቱ ሰሌዳ በግለት ጎብጦ እርስ በርሱ ተነካክቷል፤ ቡናማው እርሳስም እየተቀረፈ ከሥር እንደ አተላ ተከማችቷል፤ እነዚያ ሞተዋል። ሁለቱ ግን ነጭ ይልበሱ እንጂ ሰሌዳቸው ቀጥ ያለ ነበር። «እነዚህን ማዳን ይቻላል፤ ግን መዘውሩን እንደ ጥጥ ፈታይ ቀስ አድርጎ ቀኑን ሙሉ፣ ቀናት ሙሉ የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል» አለኝ። ጎበዛዝቱን ጠየቅናቸው። የሚችል ጠፋ። ጉልበት ያለው ሰው ቀስታ ያቅተዋል፤ ሳያስበው ያፈጥነዋል።

መዘውሩን እኛ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጠን ስንቸገር ተክለጊዮርጊስ እየተደገፈ ወጣ። ምን እንደምናደርግ በዓይኑ ተከታተለና እጀታውን ያዘ። «እኔ ልሞክር፤ እጄ ሥራ ፈትቶ ነገር እያሰበብኝ ነው» አለ። ሙሴ ፌሊክስ እጁን በእጁ ላይ ጭኖ ልኩን አሳየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቁርስ በኋላ ይቀመጣል፤ ንጋቷ ልጅቱን ታቅፋ አጠገቡ ትሆናለች፤ እርሱም ሕፃን እንደሚያባብል ሰው መዘውሩን ያወዛውዛል። የውሃውን ድምፅ መስማት ስለማይችል መዳፉን ብርጭቆው ላይ ያደርጋል፤ ሞቅ ሲለው ያቆማል፤ ሲበርድ ይቀጥላል። እኔ ጆሮ እያለኝ ያልገባኝ በመዳፉ ገባው። ነጩ ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየሳሳ ሄደ። አንዱ ሰሌዳ ቡናማ፣ ሌላው እንደ ርግብ ክንፍ ግራጫ ሆነ። በመጨረሻም ከሁለቱም ሰሌዳ ደቃቅ አረፋ፣ ጠላ ሲፈላ እንደሚወጣው ያለ፣ እኩል እየወጣ ውሃው ወተት መሰለ። ሙሴ ፌሊክስ ሲያየው «አሁን ጠገበ» አለ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። በመጀመሪያው ቀን ተክለጊዮርጊስ ደክሞት እጀታውን ሲለቅ መዘውሩ በራሱ መዞር ጀመረ። እናናየሁ ስማ ለኪዳነ ምሕረት እያለች ከበረንዳው ዘለለች፤ ጎረቤት ጠበል ይዞ መጣ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሽቦው ሳይፈታ መዘውሩ ከቆመ ማሰሮው የጠጣውን መልሶ ለመዘውሩ ያጠጣዋል። ስለዚህ አንተም መዘውሩ ገና እየዞረ ሳለ በፊት ሽቦውን ፍታ፤ ቀጥሎ አቁም። ጠዋት የሞላሁት ለማታ አይደርስም ያልኸኝ ምናልባት በዚህ ይሆናልና እርሱን አስቀድመህ እይ።

የቀረውን እንደ መጣልኝ እጽፍልሃለሁ፤ አንተ ደጋግመህ አንብበው። ማሰሮውን እስከ ጥጉ አታሟጥጠው፤ ግማሽ ያህል ሲሠራ መልሰህ አብላው። በሠራበት ቀን ሳይሞላ አይደር። በቀስታ ሙላው፤ ብርጭቆው ከመዳፍህ በላይ ከሞቀ አቁመህ አቀዝቅዘው። ከሁለቱም ሰሌዳ እኩል አረፋ ሲወጣና ሲቆይ ጠግቧልና ተወው፤ ከጠገበ በኋላ ግድ ብላ ማለት ሰሌዳውን ይልጠዋል። ሥራ ባይኖርም በየወሩ አንድ ቀን አብላው፤ በሰኔ የዘጋህበት በመስከረም አይነሣም። እዚያ ፀሐዩ ብርቱ ነውና ጥላ ባለበት፣ መሬቱ በሚቀዘቅዝበት ቤት አኑረው። ውሃው ጎድሎ የሰሌዳው ራስ ብቅ ካለ የዝናብ ውሃ ጨምርበት፤ የምንጭ ውሃ አታድርግበት፤ የምንጭ ውሃ ለሰው ይስማማል፤ ለእርሱ ግን መርዝ ነው። እኛ በክረምት ንጹሕ ሸማ ሜዳ ላይ ዘርግተን ከሰማይ የወረደውን ብቻ በብርጭቆ እናጠራቅማለን፤ ከቤት ክዳን የወረደው አይሆንም። የድኙን ውሃ አዲስ የምትበጠብጥ ከሆነ ድኙን ወደ ውሃው ጠብ አድርግ እንጂ ውሃውን ወደ ድኙ አትጨምር፤ ይፈነዳብሃል። እጅህን ቢነካህ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠብ። ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ አረንጓዴ ካወጣ በአመድ ውሃ አሸው፤ ወደ ውስጥ ግን እንዳይገባ፤ ሲደርቅ ሞራ ቀባው። አረፋ በሚያወጣበት ጊዜ ጧፍም ፋኖስም አታስጠጋ፤ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ባሩድ ይነሣል። ሲሞላም ክዳኑን አትጠርቅምበት፤ ይተንፍስ።

በዚህ ዓይነት የያዝናቸው ሁለቱ ማሰሮዎች ዛሬም እንደ አዲስ ናቸው። አለቱንም የሰበሩት እነርሱ ናቸው። ከጥምቀት በፊት ነበር። ተክለጊዮርጊስ ካልሄድሁ ብሎ ወጣ፤ ከከለላው ኋላ አጠገቤ ቆመ። ሽቦዎቹን አገናኘሁ። ገደሉ ጮኸ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እርሱ ጩኸቱን አልሰማም፤ መሬቱ ግን በውስጥ እግሩ ገብቶ ጉልበቱ ድረስ ተሰማው። ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ተነሣ?» አለኝ። አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት። ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ፤ እኔም አብሬው ሳምሁ። ባላምባራስ ወልደሩፋኤልም ከኋላችን ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

አሁን በጭላዳ ገደል በቅሎ ጭነቷን ይዛ ታልፋለች። ካለፉት ሁሉ በፊት ማን እንደመጣ ገምት። ድንጋዩ ገና ሳይጠረግ እናታችን ወለተ ሥላሴ በጎረቤት በቅሎ ተቀምጣ፣ ለአራስ ልጇ የገብስ ጩኮ በቅል ይዛ ደረሰች። ንጋቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ልጅቱን ዓይንዋን ሳመች። ተክለጊዮርጊስን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችለት፤ ያለችውን አልሰማም፤ ግን እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ ይላት ነበር። ቀጥላ «እስቲ የምታጠግቡትን አሳዩኝ» አለች። አሳየኋት። ብዙ አየችውና «ሳትጮኹበት ነው የዳነው?» ብላ ጠየቀች። እንደዚያ ነው አልኋት። «ይበጅ» አለችና ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ብረትና ስለ ባሩድ አንድም ቃል አልተናገረችንም።

ደብዳቤህ የመጣው እርሷ እዚህ ሳለች ነው። አነበብሁላት። ባሩድ የተጻፈበት ቦታ ስደርስ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ ቆይታ ተመለሰችና ቀጥል አለችኝ። ስጨርስ «ተወውና ና ብለህ አትጻፍለት፤ ሥራውን ወዶታል፤ ልቡን አትስበርበት። ነገር ግን ትንሽ ሆኖ እንኳ ወንዝ ሲሻገር ሌላው ጥልቀቱን ሲለካ እርሱ መሐል ነበር። ከማሰሮው ቀስታን ይማር በለው» አለች። እነሆ ብያለሁ።

ከሁሉ በላይ አሁን የምጽፍልህን ያዝልኝ። ማሰሮውን የቱንም ያህል ብትጠብቅ አንድ ቀን ዝም ሊልህ ይችላል። ያን ቀን ሽቦውን ፍታና ሰውን ሁሉ ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ። ሌሊቱ ሳያልፍበት ማንም አይቅረበው፤ ሲቀርብም አስቀድሞ ባሩዱን በውሃ ያርሰው፤ በእንጨት እንጂ በብረት አይንካው። አዛዥ ቢቆጣህ ይቆጣ። ፈሪ ቢልህ ይበልህ። ይህን እየጻፍሁ ሳለ ተክለጊዮርጊስ ከአጠገቤ ተቀምጦ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ስምህን በጣቴ በመሬቱ ላይ ጻፍሁለት፤ ፊደል ለይቶ ያነባል። እርሱም «አለቱ ከአዳም ጀምሮ ቆሟል፤ አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይለዋል በልልኝ» አለ። የራሱ ቃል ነው፤ አልጨመርሁም፤ አልቀነስሁም።

እናታችን ወለተ ሥላሴ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ስለ አንተ በየወሩ ለሩፋኤል እንደምትዘክር ንገረው ብላለች። እኅትህ ንጋቷ ጉንጭህን ትስማለች፤ ስትመጣ ልጄን እንግዳ ሆነህ እንዳታስለቅስብኝ ትልሃለች። ተክለጊዮርጊስ እጅ ይነሣል። እናናየሁ ለንዳድህ የቋጠረችልህን ፌጦ ከደብዳቤው ጋር ልካለች፤ ነጋዴው እንዳይረሳው አስምላዋለች። ባላምባራስ ወልደሩፋኤልም ሰላም ብሎሃል። ከአንተ ጋር ላሉት ጓደኞችህ ሁሉ፣ ስማቸውን ባላውቅም፣ ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬ ይድረስ፤ ባሩድ ለሚጠቀጥቀው ሰው ግን ለብቻው አድርስልኝ። እናቱ ማን እንደሆነች ጠይቀው፤ ስሟንም ስትጽፍልኝ ንገረኝ፤ እናታችን ስትጸልይ አብራ ትጥራት ዘንድ ትፈልጋለች።

ወንድምህ ኪዳነ ማርያም

አንኮበር፤ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት ፲፮ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ተጻፈ።